ያዘመመችው መኪናችንና የአማቴ ሜትር

መኪናችን ወደ ግራ ማዘንበሏን መጀመሪያ ያየችው ባለቤቴ ናት። እኔ አላየሁም፤ ምክንያቱም እኔ የመኪና ሰው ነኝ። የመኪና ሰው የሚባል ፍጡር መኪናውን አያይም፤ ያውቃታል። አዲስ አበባ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ሚኒባስ ነድቻለሁ። ሞተር ሲያስነጥስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ በሽታውን እናገር ነበር። በሽታው እሱ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋናው መናገሩ ነው።

ባለቤቴ ሌክውድ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ ካለው አፓርታማችን ተነሥታ በየቀኑ ዴንቨርን ከዳር እስከ ዳር ታቋርጣለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችና፣

«ይኼ ወጥ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው የሚፈስብኝ» አለች።

«ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊዋ።»

«ክዳኑ አይደለም። ዛሬ ከኋላ ቆሜ አየኋት። መኪናዋ አንድ ዳሌዋ ወርዷል።»

«መሬቱ ነው» አልኳት፣ ከሶፋው ሳልነሣ። «ኮሎራዶ እኮ የተራራ አገር ነው። ሁሉም ነገር ያዘነብላል።»

ኦሮራን ላላየ ሰው ልንገር፤ ኦሮራ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋች ከተማ ናት። ተራራው የሚጀምረው ባለቤቴ መሥሪያ ቤት በኩል፣ ከሌክውድ ወዲያ ነው። እሷም ይህን ልትነግረኝ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት ኖራለች።

በማግሥቱ ማንም ሳያየኝ ወርጄ ከኋላ ቆሜ አየሁ። እውነቷን ነው። በቀኝ በኩል በጎማውና በላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል እጅ ያስገባል፤ በግራ በኩል ግን ጎማው እንደ አፋር ሙሽራ ወደ ውስጥ ተሸሽጓል። መኪናዋ በዕድሜዋ ብዙ አይታለች፤ ጣራዋን የበረዶ ድንጋይ ጠቅጥቆታል፣ አንዱ መስታወቷ በፕላስተር ነው የሚኖረው። እንዲህ አንድ እግሯን እንዳመማት አሮጊት ስትቆም ግን አይቻት አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ተመልሼ ለባለቤቴ ምንም አላልኳትም። አንድ ባለሙያ ምርመራውን ሳይጨርስ መግለጫ አይሰጥም።

ምርመራው የተካሄደው እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ ሲቆዩ ወንዶቹ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ እንሰበሰባለን። ስብሰባችን ሰብሳቢ የለውም፣ ቃለ ጉባኤም አይያዝም፤ ውሳኔ ግን ሞልቶታል። የአገራችንን ችግር በየሳምንቱ እንፈታለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስንመጣ ችግሩ እንደገና ተበላሽቶ ይጠብቀናል። መኪናዬን አስጠግቼ፣ «እስቲ ከኋላ እዩልኝ» ስላቸው ደስ አላቸው። አገር ከማዳን መኪና ማዳን ይቀላል።

መጀመሪያ የተናገረው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በትልቅ ትራክ የሚያካልል ወዳጄ ነው። ገና ሳልጨርስ፣ «አሞርዛተር ነው» አለ። አሞርዛተር ማለት መኪና ጉድጓድ ስትገባ እንዳትዘል ንዝረቱን የሚያበርደው ዕቃ ነው። አልተንበረከከም፣ አልነካም፣ ከቆመበት ነው የፈረደው።

ሁለተኛው አሮጌ መኪና ከጨረታ እየገዛ የሚሸጥ ነው። እሱ ደግሞ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ሻንሲዋ ታጥፏል። ይቺ መኪና አደጋ ደርሶባት ያውቃል፤ ሸውደው ነው የሸጡልህ» አለኝ። መኪናዋን የሸጠልኝ እሱ መሆኑን አስታወስኩት። «እንግዲያው አሞርዛተር ይሆናል» አለ።

ሦስተኛው ከኮምፒውተር ጋር ነው ሥራው። ስልኩን አውጥቶ የኋላው ዕቃ መጫኛ፣ የትራንኩ፣ ክዳን ላይ አስቀመጠና መዘንበልን በሚለካ ፕሮግራም ለካ። ስልኩ የራሱ ሽፋን በአንድ በኩል ወፍራም ስለሆነ፣ ጠፍጣፋ ነው ብለን የተማመንበት የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃም ማዘንበሉን ነገረን። «ተጨማሪ ዳታ ያስፈልገናል» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዳታውን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ፤ «ሹፌሩስ?»

ሁሉም ዞረው ሆዴን አዩ።

«ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ነው» አለ ያው ድምፅ፣ እንደ ጂኦሜትሪ አስተማሪ ረጋ ብሎ። እውነቱን ለመናገር መኪናዋን ከእኔ ይልቅ ባለቤቴ ናት የምትነዳት፤ እኔ የምነዳው የኤርፖርት ቫን ነው። ባለቤቴ ደግሞ እንደ ሸምበቆ ቀጭን ናት። በዚያ ላይ የወረደው የኋላው እንጂ የፊቱ አይደለም። ይህን ሁሉ ልነግራቸው ስዘጋጅ ሳቁ አልፎኝ ሄደ።

ወሬው እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ሰምታለች። ለሦስት ሳምንት ዳቦ የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፋ። ማታ ማታ ሰላጣ ፊቴ ይቀርባል፤ እኔም ለመኪናዬ ስል እንደ ፍየል አመነዥካለሁ። ሁለት ኪሎ ያህል ቀነስኩ። መኪናዋ ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ እንደዘመመች ቀረች።

ስለዚህ የባለሙያዎቹን ምክር ተቀብዬ ሁለት የኋላ አሞርዛተር ገዛሁ። ራሴ ነኝ የምቀይረው አልኩ። ባለቤቴ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ትዳር ውስጥ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ እኔ ግን እንደ ጥያቄ ቆጥሬ «አዎ» አልኳት።

በአፓርታማችን ፓርኪንግ ሎት ላይ መኪና መጠገን ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ አለ። ሰሌዳውን እንዳላነበው ጀርባዬን ሰጥቼው ክሪኩን አስገባሁ። ከጠዋት ጀምሬ ስታገል ዋልኩ። ቡሎኖቹ በዝገት ተጣብቀዋል፤ ሁለቱን ለመፍታት የተናገርኳቸውን ቃላት ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኳቸውም። አስፋልቱ ጉልበቴን ሲወጋኝ ከዕቃው ካርቶን ውስጥ የወጣውን የመመሪያ ወረቀት አጣጥፌ ተንበረከክሁበት። ፀሐይ ስታዘነብል ጨረስኩ። ክሪኩን አወረድኩ፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ወረደች፣ ተንፈስ አለች፣ ከዚያም ልክ እንደ ጠዋቱ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ቆመች።

«እንዴት ሆነች?» አለች ባለቤቴ ከበሩ ላይ።

«ቦታዋን እስክትይዝ ነው።»

«እስከ መቼ ነው የምትይዘው?»

«አንድ ሳምንት።» ሳምንት ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም። አፌ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልመስክር፤ አሞርዛተሮቹ ጥሩ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናችን ኮልፋክስ ላይ ጉድጓድ ስትገባ አትንገጫገጭም፤ ተመችቷት ነው የምታዘምመው።

ይህን ሁሉ ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነው ያዩ የነበሩ ሰው አሉ። አማቴ ናቸው። የባለቤቴ እናት ከደሴ ከመጡ አራት ወር ሊሆናቸው ነው። በእኔና በሳቸው መካከል የነበረው ግንኙነት እጅግ የተከበረ ነበር፤ ከመከበሩ የተነሣ ምንም አልነበረበትም። ጠዋት «እንዴት አደሩ፣ እማማ?» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ ደኅና አደርክ?» ይላሉ። ማታ ያንኑ በ«አመሹ» እንደግመዋለን። በቀሪው ሰዓት እኔ ሳሎን ስገባ እሳቸው ወደ በረንዳ ይወጣሉ፤ እሳቸው ሲገቡ እኔ ዕቃ የረሳሁ መስዬ እነሣለሁ። በረንዳው ላይ ሹራባቸውን ደርበው ከታች የቆሙትን መኪኖች ያያሉ። ደሴ ልብስ ሰፊ እንደነበሩ ባለቤቴ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ስለ ሥራቸው አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። አማት የሚጠየቀው ጤና ነው።

አሞርዛተሩ ቦታውን እንዲይዝ የሰጠሁት ሳምንት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ እኔም ባለቤቴም ዕረፍት ላይ ነበርን። እኔ ከመኪናዋ ኋላ ቆሜ ራሴን አዘንብዬ አያታለሁ፤ እኔ ካዘነበልኩ እኩል ትሆናለች። ከላይ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ አስተካከልካት?»

«አዎ እማማ። ቦታዋን እየያዘች ነው።»

ከበረንዳው ደገፍ ብለው፣ «እንግዲህ ይሁን። ለእኔ ዓይን ግን ያው እንደ ድሮው ናት» አሉ።

«ድሮ ማለት ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ ነዋ!»

አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ከበረንዳ አይተው ዝም ብለዋል፤ የልጃቸው ባል አዋቂ ነው፣ የሚያውቀውን ያውቃል ብለው። ይህን ሳስብ ሰላጣው ሁሉ ትዝ አለኝ።

ጥቂት ቆይተው ደረጃውን እየተደገፉ ወረዱ። አንገታቸው ላይ እንደ ሐኪም ማዳመጫ የተንጠለጠለ ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር አለ። ቁጥሮቹ በመደብዘዝ ላይ ናቸው። ከኋላዋ ቆሙና አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የት ጋ ነው ይቺ የምትለካው?» አሉኝ።

«ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ነዋ!» አልኳቸው በባለሙያ ድምፅ። ከዚያ በፊት ለክቼ አላውቅም።

«መሬቱ ልክ ነው?»

«አስፋልት ነው እኮ፣ እማማ።»

«አስፋልት መሆኑን አየሁ» አሉ። በእጄ የያዝኩትን የውሃ ጠርሙስ ተቀበሉኝና ትንሽ መሬቱ ላይ አፈሰሱ። ውሃው ምንም ሳያቅማማ ወደ ግራ ሮጠ። እኔ ባለቤቴን ያሳመንኩበት የተራራ አገር ንድፈ ሐሳብ ነፍስ ዘራ። «አላልኩም!» ልል ስል፣

«አዙራት» አሉኝ።

«ምን?»

«አፍንጫዋን ወደዚያ፣ ጀርባዋን ወደዚህ አድርገህ እዚያው ቦታ አቁማት። መሬቱ ከሆነ ሌላኛው ጎኗ ይወርዳል። እሷ ከሆነች ያው ጎኗ ይወርዳል።»

ሚኒባስ በነዳሁባቸው አራት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም። አዞርኳት፤ እዚያው መስመር ውስጥ አቆምኳት። ውሃው አሁንም ወደዚያው ይፈስሳል፤ ቁልቁለቱ አሁን በቀኟ በኩል ነው። የወረደው ግን ግራዋ ነው። ትንሽ ቀለል ብሏል እንጂ ግራዋ ነው።

«መሬቱም አለበት፣ እሷም አለባት» አሉ አማቴ። «ስለዚህ ከመሬት አንለካም።»

መሬትን ለምን እንደማያምኑ የነገሩኝ ያኔ ነው። ደሴ ሱቃቸው የእንጨት ወለል ነበረው። አንድ ጊዜ ለትልቅ ሠርግ የስምንት ሚዜ ቀሚስ ሰፉ። ሚዜዎቹን ተራ በተራ አንድ ቦታ ላይ እያቆሙ፣ ከወለሉ ወደ ላይ እየለኩ ጫፉን ቀመቀሙ። ያቺ ቦታ ላይ ግን አንዷ ጣውላ ሰምጣ ኖሯል። በሠርጉ ቀን ስምንቱ ሚዜዎች ተሰልፈው ፎቶ ሲነሡ ቀሚሳቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

«ነፋስ የመታው ማሽላ ይመስሉ ነበር» አሉኝ። «ፎቶግራፍ አንሺው ደግሞ ፎቶውን ወደደውና መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በጀርባ ስዞር ኖርኩ!»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። በአራት ወር ውስጥ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር፤ ሁለታችንም ትንሽ ደነገጥን መሰለኝ፣ ቶሎ ወደ ሥራችን ተመለስን።

ከጎማው መሐል፣ ከቸርኬው እምብርት ጀምረን ቀጥ ብለን እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለካን። እኔ የታችኛውን ጫፍ ይዤ፣ እሳቸው የላዩን ያነባሉ። በቀኝና በግራ መካከል አምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሦስተኛም ለኩ። ከዚያ ትራንኩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«እዚህ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለም፤ ያው ዕቃ» አልኩ።

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ወርዳ መጥታ ነበር። «ያው ዕቃ» የሚለውን ስትሰማ ትራንኩን ራሷ ከፈተችው። ከውስጡ የወጣውን ሁሉ መዘርዘር አልፈልግም፤ ሁለቱን የጤፍ ዱቄት ከረጢቶች አስታውሳለሁ፣ ለክረምቱ በረዶ ብዬ የገዛሁትን የአሸዋ ጆንያ፣ የማይሠራ ማይክሮዌቭ፣ አንድ ጋሎን አንድ ጋሎን የሚይዙ የውሃ ጀሪካኖች፣ በመጨረሻም ክብደት እንድቀንስ ብዬ የገዛኋቸውን ሁለት የብረት ክብደቶች። ሁሉም የተደረደሩት በግራ ጥግ ነው፤ ምክንያቱም ከሹፌር ወንበር ወርጄ ስዞር የሚቀርበኝ እሱ ነው።

ባለቤቴ የብረት ክብደቶቹን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። «ሰላጣ የበላኸው ለዚህ ነው?»

ትራንኩ ባዶ ሲሆን መኪናዋ ብድግ አለች። እንደገና ለካን፤ አምስቱ ሴንቲ ሜትር ሦስት ተኩል ሆነ። «የቀነሰው አንድ ተኩል ያንተ ነበር» አሉ አማቴ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ ደንበኛ ኪሱ ውስጥ የረሳውን ሣንቲም አውጥቶ እንደሚመልስ ሰው። «ሦስት ተኩሉ ግን ያንተ አይደለም።»

የሁለቱንም ጎማ ነፋስ በመለኪያ አየሁ፤ እኩል ናቸው። የቀሩን አዲሶቹ አሞርዛተሮች ናቸው። «ምናልባት አንዱ ከፋብሪካው ተበላሽቶ መጥቶ ይሆናል» አልኩ። አማቴ ወረቀት አብሮት አልመጣም ወይ ብለው ጠየቁኝ። መምጣቱንማ መጥቷል፤ የተንበረከክሁበት ነው። ከመኪናዋ ወለል ላይ ፈልጌ አወጣሁት፤ የጉልበቴ ቅርጽ መሐሉ ላይ ታትሟል።

«በአማርኛ አንብብልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። ስለ ቡሎን፣ ስለ ማጥበቂያ፣ ስለ ጥንቃቄ። ከዚያ በደማቁ የተጻፈ አንድ መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ወረደ።

«ምን ይላል?»

«ይህ ዕቃ የተሽከርካሪውን ከፍታ አይለውጥም ይላል። መኪናው ካዘመመ... ሞላውን ይመርምሩ ይላል።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ሕንጻው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አማቴ ግን አልሳቁም፤ ሜትራቸውን እየጠቀለሉ፣ «ሞላ የቱ ነው?» አሉኝ።

ሞላ ያ እንደ ጸጉር የተጠማዘዘው ወፍራም ብረት ነው፤ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። አሞርዛተር የሚያደርገው የሞላውን ዝላይ ማብረድ ብቻ ነው። ይህን ሁልጊዜም አውቀው ነበር። የማላውቀው የነበረው ማወቄን ነው።

ክሪኩን አስገብቼ ግራውን አነሣሁ፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ከሥሯ የብረት መደገፊያ አኖርኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት የፕላስቲክ ዱካ አመጣችላቸውና አማቴ ጎማው በነበረበት ቦታ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በስልኬ መብራት አበራሁላቸው። ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ በቀኝ በኩልም እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ያንንም ፈታሁ። በጣታቸው አየሩ ላይ እየነኩ ይቆጥራሉ።

«ይኼኛው ስድስት ዙር ነው» አሉ ቀኙን እያዩ። «ያኛው ስድስት አልሞላም። አምስትና ትንሽ ነው። መልሰኝ ወደዚያ።»

መለስኳቸው። ከሞላው ሥር ያለው የላስቲክ ማረፊያ ጭቃ ሞልቶታል። በመፍቻ ጫፍ ጭቃውን ጫርኩት። የቀኙ ሞላ ጫፍ ለስላሳ ሆኖ፣ ጠፍጠፍ ብሎ ማረፊያው ላይ ተኝቶ ነበር። የግራው ግን ሹልና ሻካራ ነው፤ ማረፊያውን ወግቶ ገብቷል። አማቴ ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ይኼ አልተቀመቀመም» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ጫፉ። ያኛው ተቀምቅሟል፣ ይኼ ጥሬ ነው። ፋብሪካ እንዲህ አድርጎ አይለቅም። ይኼ የተቀደደ ነው።»

ተሰብሯል። የታችኛው ዙር ተሰብሮ ወድቆ፣ ቀሪው ወደ ታች ተቀምጧል። ስብራቱ ላይ ያለው ዝገት ያረጀ ነው፤ ምናልባት ከባለፈው ክረምት ጀምሮ። እኔ አሞርዛተሩን ስቀይር ሙሉ ቀን አፍንጫዬ ከዚህ ብረት አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ላቤ ሳይንጠባጠብበት አልቀረም።

አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። መናደድ ነበረብኝ፤ ወይም ማፈር። አፍሬማ ነበር። ግን ደግሞ ዱካቸው ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ ሳይ፣ እጃቸው ላይ ቅባት ነክቷቸው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ እንዲያ ነቅተው አይቻቸው አላውቅም ነበር። በረንዳው ላይ ያስቀመጥናቸው ሰው እሳቸው አይመስሉም።

«እማማ፣ ስንት ዓመት ነው የሰፉት?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ስድስት» አሉ። «ለምን?»

«እንዲያው።»

አዲሱን ሞላ ግን ራሴ እንዳልገጥመው ሁለቱ ሴቶች ወሰኑ። ሲፈታ የሚዘል ብረት ጥርስ ያወልቃል መባሉን ሰምተዋል፤ እኔም ያለኝን ጥርስ ቆጥሬ አልተከራከርኩም። ኮልፋክስ ላይ ያገራችን ሰው ጋራዥ አለ። ጎማዎቹን መልሼ አስሬ ጠንቀቅ እያልኩ በቀስታ ነዳኋት፤ ባለቤቴ ከጎኔ፣ አማቴ ሜትራቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። ቀኝ በኩል ነው የተቀመጡት፤ «ለማመጣጠን» ብለው።

መካኒኩ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ቁጥብ ሰው ነው። መኪናዋን ከፍ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ናችሁ። ብዙ ሰው አሞርዛተር ለውጦ ነው የሚመጣው» አለ። ከዚያ አዲሶቹን አሞርዛተሮች አይቶ በጨዋነት ዝም አለ። «ማነው ያገኘው?»

ባለቤቴ አየችኝ። አማቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ ያያሉ።

«በቤተሰብ ደረጃ ነው ያገኘነው» አልኩ።

መካኒኩ ሁለቱም ሞላዎች አብረው መቀየር አለባቸው አለ። አማቴ ለምን እንደሆነ ጠየቁት፤ የቀኙ ጤነኛ ነው፣ ራሳቸው ቆጥረውታል።

«አንዱ አዲስ አንዱ ያረጀ ከሆነ እኩል አይሸከሙም፣ እናቴ። እንደገና ታዘምማለች።»

«እጅጌም እንዲሁ ነው» አሉና ፈቀዱ።

ሥራው ሲያልቅ መኪናዋን አወረደልን። እኔ ቁልፉን ልቀበል እጄን ስዘረጋ አማቴ ቀድመውኝ አለፉ። ልብስ ሳይለካ ከሱቅ አይወጣም፤ ሰፊም ብትሆን ደንበኛም ብትሆን። ሜትራቸውን ዘርግተው ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ለኩ፤ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ። እኔ የታችኛውን ጫፍ ይዤ ተንበረከክሁ። መካኒኩ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን እጁን አጣጥፎ እንደ ተማሪ ውጤቱን ጠበቀ።

«የክር ያህል ነው» አሉ በመጨረሻ። «የክር ያህል ምንም አይደለም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለ መካኒኩ፤ ያለ ፌዝ ነው ያለው።

በሚቀጥለው እሑድ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ መኪናዬ ቀጥ ብላ ቆመች። ትራክ የሚነዳው ወዳጄ ከሩቅ አያትና ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«አላልኩህም? አሞርዛተር!»

መኪና የሚሸጠው፣ «እኔም በመጨረሻ እሱኑ ነው ያልኩት» አለ። የኮምፒውተሩ ሰው ዳታ አልጠየቀም። ከኋላ አንዱ፣ «ሆድህም ቀንሷል እኮ» አለ። አጨበጨቡልኝ ማለት ይቻላል። እውነቱን ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ለመናገርም አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን፣ «አመሰግናለሁ፣ ወንድሞቼ» የሚል ነው።

መኪናው ውስጥ ስገባ ባለቤቴ በመስኮቱ ሰምታለች። «ለምን አትነግራቸውም?» አለች ተቆጥታ። «እማዬ ናት ያገኘችው፣ ለምን አትላቸውም?»

ቁልፉን አዞርኩ። ከኋላ ወንበር አማቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣

«ተይው» አሏት። «ቢነግራቸው ነገ ሁሉም መኪናውን እየነዳ ይመጣል። እኔ ደግሞ ጉልበቴ አይችልም።»

ከዚያ ወደ ውጭ፣ ወደ ቆሙት መኪኖች ተመለከቱ።

«ያ አሞርዛተር አሞርዛተር የሚለው ሰውዬ ግን» አሉ፣ «የራሱ መኪና በፊት በኩል ወደ ቀኝ ወርዳለች። አታዩአትም?»